ያልተገዛ ግጥም

ሩብያህ የሠርጉን ሽንኩርት የምትከትፈው ሽንኩርቱ አንድ ነገር ያደረጋት ይመስል ነበር። ከቤቱ ጀርባ በተተከለው ድንኳን ሥር የፓሪት ናንግካ መንደር ሴቶች ተሰብስበዋል፤ ግማሹ ኮኮናት ይፈቀፍቃል፣ ግማሹ ሥጋ ይዘለዝላል፣ ሁሉም ያወራል። እሷ ብቻ ዝም ብላለች። የሩብያህ ዝምታ ከሌላው ሰው ጩኸት ይብሳል፤ ጎረቤቶቿ ይህን ስለሚያውቁ ቢላዋዋ ከምትደርስበት ራቅ ብለው ተቀምጠዋል።

ያናደደቻት ታናሽ እህቷ ሮስናህ ናት። ሮስናህ የሙሽራዋ እናት ናት፤ ነገ ሙሽራውና ወገኖቹ ከበሮ እየመቱ ሲመጡ በሩን ማን ይዞ እንደሚያናግራቸው ስትጠየቅ፣ «የድምፅ ማጉያ ያከራየን ልጅ አለ አይደል፣ እሱ ሁሉንም አዘጋጅቷል» ብላ መለሰች። አዘጋጅቷል ማለት ከስልኩ ላይ ያነባል ማለት ነው።

«ማክ ሎንግ፣ በቃ አትቆጪ» አለች ሮስናህ ኮኮናቱን እየጨመቀች። ማክ ሎንግ ትልቋ አክስት ማለት ነው፤ ልጆቹ እንደዚያ ስለሚጠሯት እህቷም፣ ጎረቤቱም፣ ዓሣ ሻጩም በዚሁ ነው የሚጠራት። «እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው። ደክሞሻል። ቁጭ ብለሽ እንደ ትልቅ ሰው ብትታዪ ምናለ?»

«አፌን ደከመኝ ብዬሻለሁ?»

«አላልሽም።»

«እንግዲያው በሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ያ ልጅ ማይኩን ለዘፈኑ ያቆየው።»

ሮስናህ ኮኮናቱን አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያቺን ሴትዮ ታውቂያት የለ? ኖርማላን?» የሙሽራው እናት ማለቷ ነው። «ለሽምግልና የመጡ ጊዜ ሻዩ ቀዘቀዘ ብላ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ልጄ ከዚህ ሠርግ በኋላ የምትኖረው ከእሷ ጋር ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ ቤት። እኔ የምፈራው እሱን ነው።»

«በር ይዤ ሳይገባ የቀረ ሙሽራ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ቃል ግቢልኝ። በሰላም ታስገቢያቸዋለሽ።»

«በሰላም አስገባቸዋለሁ» አለች ሩብያህ፤ ይህን ስትልም ከልቧ ነበር።

በፓሪት ናንግካ በር መያዝ ጨዋታም ነው፣ ሥራም ነው። ሙሽራው ይመጣል፤ ሁለት ልጃገረዶች ከደረጃው ሥር ሻርፕ ይወጥሩና መንገድ ይዘጋሉ፤ ከዚያ የሁለቱ ወገን አፈኞች በግጥም ይተያያሉ። ግጥሙ አራት ስንኝ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ጥላ ይባላሉ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዛፍ። ጥላው ስለ ወንዝ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ፍራፍሬ ይናገራል፤ ዛፉ የልብን ያወጣል። ፊት ለፊት ቢናገሩት የሚያጣላ ነገር በጥላው በኩል ዞሮ ሲመጣ አያጣላም፤ ሙያውም ይኸው ነው። ሩብያህ ታዲያ በአንድ ነገር ላይ ድርድር አታውቅም። ጥላው እውነት መሆን አለበት። ያላየኸውን ዓሣ አትጥራ፣ ያልቀመስከውን ፍሬ አታንሳ። «በሌለ ዛፍ ጥላ ማን ይቀመጣል?» ትላለች።

ይህንን ለልጆች ለማስተማር ሞክራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በመንደሩ አዳራሽ ትጠብቃቸዋለች፤ የሚመጡት ለብስኩቱ ነው። ትምህርት ቤቱ በዓመት አንዴ ውድድር ያዘጋጃል፤ እዚያም ልጆቹ የተሰጣቸውን ሸምድደው፣ የወርቅ ክር ልብስ ለብሰው ደረታቸውን ነፍተው፣ እጃቸውን ወዲህ ወዲያ እያሉ ይወጡታል። ባለፈው ዓመት አንደኛ የወጣችው ልጅ ግጥሟን ስትጨርስ ሩብያህ ከተመልካቹ መሃል ብድግ ብላ መልስ ሰጠቻት። ደስ ብሏት ነበር የሰጠቻት። ልጅቷ አለቀሰች። አስተማሪዋም መጡና «እናቴ፣ ውድድሩን እየረበሹብን ነው» አሏት።

ግጥም ለብቻ አይገጠምም፣ ይህን ማስረዳት ነው ያቃታት። አንዱ ይሸጣል፣ ሌላው ይገዛል፤ የሚሉትም እንደዚያው ነው፣ «ሸጥኩልህ»፣ «ገዛሁሽ»። መልስ ያላገኘ ግጥም ግማሽ ነገር ነው። ሩብያህን ከወጣትነቷ ጀምሮ የሚገዛት ከወንዙ ማዶ የነበረው ፓክ ሳርማን ነው። በየሠርጉ በር ላይ እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ፣ ወይም እሱ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ ሆነው ሲተያዩ ሰው ሩዙን ትቶ ይሰማቸው ነበር። መጨረሻው ግን ሁልጊዜ የታወቀ ነው። በር የያዘው ወገን ይሸነፋል። እንግዳ ተሸንፎ አይገባምና፣ ባለቤቱ ነው የሚሸነፈው። የውጪው ሰው ቃል ሲያልቅበት የውስጡ ሰው አንዲት ቀላል ግጥም ይሰጠዋል፣ ልጅም የሚመልሳትን፤ «ገመድ መወርወር» ይሉታል። እሱ ገመዷን ይይዝና ይመልሳል፣ ባለቤቱም «ተሸነፍኩ» ይላል፣ በሩም ይከፈታል። ሳርማን ገመድ ሲወረውር ገመድ መሆኑ አይታወቅበትም ነበር።

ሳርማን ሞተ። ሩብያህ በቀብሩ ላይ ከሚስቱ በላይ አለቀሰች ተብሎ ታማች፤ አልተቆጣችም፣ እውነት ነበርና። ከዚያ በኋላ የሚገዛት ጠፋ። ከባህል ጉዳይ መጣሁ ያለ አንድ ጎልማሳ ካሜራ ይዞ መጥቶ ከሙዝ ዛፍ ፊት አቆማትና «ይቀጥሉ እናቴ፣ ዝም ብለው ይቀጥሉ» አላት። «ማን ሊመልስልኝ?» ስትለው «ችግር የለም፣ ተመልካቹ አለ» አለ። ቪዲዮው ወጣ። የእህቷ ልጅ ሱሪያኒ፣ ያቺ የነገዋ ሙሽራ፣ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ማክ ሎንግ፣ እይ፣ ይሄ ሁሉ ልብ ላንቺ ነው።»

«ልብ ምን ያደርግልኛል፣ አፍ ይስጡኝ እንጂ።»

እንግዲህ የሠርጉ ዋዜማ ሩብያህ እንዲህ ሆና ነው የተኛችው። የሙሽራው ወገን ከከተማ ነው የሚመጣው፣ ከተማ ደግሞ ብዙ ሰው አለ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ አፈኛ አይጠፋም፣ አለች ለራሷ። ሰው ሲጠማው ያየውን ደመና ሁሉ ዝናብ ይላል።

ኒካሁ ትናንት በመስጊድ ታስሯል፤ የቀረው ሙሽራውን ተቀብሎ ከሙሽራዋ ጎን ማስቀመጥ ነው። ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ የከበሮው ድምፅ ከመንገዱ መጣ። ሩብያህ ከደረጃው ሦስተኛ መርገጫ ላይ ቆማለች፣ ጣሪያው ያጠላባታል። ከበስተጀርባዋ በመስኮቱ በኩል ሱሪያኒ ወንበሯ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣ ትታያለች። ከፊቷ ሁለቱ ልጃገረዶች ሻርፑን ወጥረዋል። ማዶ ሙሽራው በወርቅ ክር ተጠፍሮ ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ እናቱ ኖርማላ በማራገቢያዋ ፊቷን ትመታለች፤ ከሙሽራው ጎን ደግሞ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወፍራም ጎልማሳ ቆሟል። የሙሽራው አጎት ነው፣ ባህሪን ይባላል። ሩብያህ አየችው። መጀመሪያ ያየችው ግን እጁን ነው፤ እጁ ላይ ስልክ ነበር።

ባህሪን ጉሮሮውን ጠረገ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና አነበበ።

«ዛፍ ላይ ወጥቼ ዱሪያን ቀጠፍኩ፣
ቅርጫቴን ሞልቼ ገና በማለዳ፤
ሙሽራ ይዤ ደጃችሁ ደረስኩ፣
በሩን ክፈቱልን፣ አይቆምም እንግዳ።»

ከማዕድ ቤቱ በኩል የአንዲት ሴት ሳቅ አመለጠ። ዱሪያን የሚባለው እሾሃማ ፍሬ አይቀጠፍም። ይህን በፓሪት ናንግካ የአራት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል፤ ሰው ከዛፉ ሥር ጎጆ ቀልሶ፣ በሌሊት «ዱብ» ሲል እየሮጠ ይለቅመዋል እንጂ ማንም ወጥቶ አይቀጥፈውም። የሩብያህ ጆሮ ቆመ። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት? አለች በልቧ። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና መለሰች።

«ዱሪያን ሲበስል ራሱ ይወድቃል፣
ባለቤቱ ከሥር ይጠብቃል ቆሞ፤
የቸኮለ እንግዳ ጥሬውን ይነጥቃል፣
ሆዱን ይዞ ያድራል ሌሊቱን ታሞ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እስከዚህ ድረስ ደንብ ነው፣ እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው፤ ኖርማላ ሳትቀር ጥርሷ ታየ። ባህሪንም ሳቀ። የሚያምር ሳቅ ነበረው፣ ከሆድ የሚወጣ። ሩብያህ ጠበቀችው። አሁን ስልኩን ይተወዋል፣ አሁን ዓይኔን ያየኛል፣ ስለ ሆድ ቁርጠቱ አንድ ነገር ይላል፣ ስትል እሱ በአውራ ጣቱ ስልኩን ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረገና ቀጣዩን አነበበ።

«ከተራራው ጫፍ ዛጎል ለቃቅመን፣
በቅጠል ጠቅልለን አመጣን ስጦታ፤
አበባ ፈልገን ከሩቅ ተጉዘን፣
በሩን ክፈቱልን፣ አንቁም በዝምታ።»

ከተራራ ዛጎል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። የሩብያህን ደም ያፈላው ግን ዛጎሉ አልነበረም። አልመለሰላትም። ስለ ሆድ ቁርጠት ሸጠችለት፣ እሱ ስለ አበባ አወራ። ለግድግዳ ብትናገር፣ ግድግዳ እንኳ ድምፅ ይመልሳል። የባህል ጉዳዩ ሰውዬ፣ ብስኩት በልተው የሚሄዱት ልጆች፣ ያለቀሰችው ልጅ፣ ያ ሁሉ ልብ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡባት። ሰው ፊት አንድ ጊዜ በትክክል ብትመልሱልኝ ምን ይጎድልባችኋል?

«በቀቀን ይውላል ከሽቦ ቤት ገብቶ፣
የሰው ቃል ይደግማል ጥሬ እየበላ፤
ባዶ አፍ መጣ አሉ የሰው አፍ ሸምቶ፣
ባትሪው ሲያልቅበት ምን ሊል ነው ሌላ?»

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወጣቶቹ አፏጩ። ከበሮ መቺዎቹ ሳይቀሩ፣ የሙሽራው ወገን ሆነው፣ ከበሮውን ደለቁላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ይህን ግን ለሌላ ሰው ነበር የምትለው።

ባህሪን ስልኩን አየ። ከዚያ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ መለሰ። እጆቹን ከፊቱ አጣምሮ እግሩን ማየት ጀመረ።

ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። አሁን ገመዱ የሚወረወርበት ሰዓት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሩብያህ ደግሞ ከሁሉም በላይ ታውቃለች። ቀላሏ ግጥም ምላሷ ላይ ነበረች። አልወረወረችም። በል እንጂ፣ ስልክ የለህም፣ አሁን አፍህ ብቻ ነው ያለህ፣ አንድ ነገር በል፣ እያለች በዓይኗ ያዘችው። ቂም አልነበረም። ርሃብ ነበር። ርሃብና ቂም ግን ከውጭ ላየው ሰው መልካቸው አንድ ነው።

ፀሐዩ ያቃጥላል። የሙሽራው ላብ ከአገጩ ጠብ አለ። አንድ ሕፃን አለቀሰ።

«ማክ ሎንግ» አለች ሮስናህ ከኋላዋ በሹክሹክታ። «ወርውሪለት።»

ሩብያህ ዓይኗን ከባህሪን አልነቀለችም።

«ጨረስኩ» አለ ባህሪን በመጨረሻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሌላ የለኝም።»

ያኔ ኖርማላ ማራገቢያዋን ዘጋች። «እኛ ልጅ ለመዳር ነው የመጣነው» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ፈተና መኖሩን አልነገራችሁንም። የልጄን ሟች አባት ቦታ ይዞ ነው ይሄ ሰው የቆመው፤ ሌላ ወንድ ስለሌለን ነው። ከበሮውን አዙሩት። መኪናው ጋ እንጠብቃለን፣ ፈተናው ሲያልቅ ትጠሩናላችሁ።»

ከበሮ መቺዎቹ ተያዩ። የመጀመሪያው ዞረ።

ሩብያህ ፈጥና ገመዷን ወረወረች፤ ያቺን ቀላሏን፣ «ምን ይዛችሁ መጣችሁ» የምትለዋን። ዘግይታለች። እጁን ላልዘረጋ ሰው ገመድ ምን ያደርግለታል? ባህሪን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ሩብያህ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሱሪያኒ ከወንበሯ ተነስታለች፣ ሙሽራ መነሳት የለባትም፤ የተኳለ ዓይኗ ሞልቶ፣ ኩሉ እንዳይወርድ ወደ ላይ እያየች ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እና ያፈሰሰችው እሷ ናት። ቃል የገባሁት ለዚህች ልጅ ስል ነበር፣ አለች ሩብያህ በልቧ፤ አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ የሚሞቅ እፍረት።

ከዚያ ያደረገችውን ፓሪት ናንግካ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከደረጃው ወረደች። ሻርፑን በእጇ ከፍ አድርጋ በሥሩ ጎንበስ ብላ ወጣች። ባዶ እግሯን ነበረች፣ ግቢው እንደ ምጣድ ግሏል። ሄዳ ከባህሪን ጎን ቆመችና ፊቷን ወደ ራሷ ቤት አዞረች።

«ስማኝ ልጄ» አለች ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «እኔ የምልህን ጮክ ብለህ በል።»

«ይተዉኝ እናቴ። በቂ ስቀውብኛል።»

«አሁን የሚሳቅብኝ እኔ ነኝ። ወንዙን ታየዋለህ? እየጎደለ ነው። ጀልባዋን አየሃት?»

ባህሪን መነጽሩን አነሳ። ከቤቱ ጎን፣ ውሃው በሸሸበት ጭቃ ላይ፣ የጎረቤት ጀልባ በጎኗ ተጋድማለች። «አየኋት።»

«እንግዲያው ውሸት አይሆንብህም። በል።»

አንድ ስንኝ በሹክሹክታ ሰጠችው፣ እሱ ጮክ ብሎ አለው፤ ሁለተኛውን ሰጠችው፣ አለው። ሦስተኛው ላይ ዞር ብሎ አያት። «ይሄን ልበል?» «በል!» አለችው።

«ወንዙ ሲሞላ ጀልባ ይነሳል፣
ሲጎድል ጭቃው ላይ ይተኛል ዘንበል ብሎ፤
አዋቂ ሲቆጣ እንግዳን ይረሳል፣
እንግዳ ምን ይሁን በፀሐይ ተቃጥሎ?»

ማን በማን ላይ እንደገጠመ ያልገባው ሰው አልነበረም። መኪናው ጋ የደረሰችው ኖርማላ ቆመች።

አሁን ከቤት መልስ መምጣት አለበት። ሩብያህ ጠበቀች። ባህሪንም ጠበቀ። ከደረጃው ላይ ሮስናህ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ከኋላዋ ያሉት አክስቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ሌላዋን በክርኗ ገፋች፣ የተገፋችው ወደ ኋላ ተሸሸገች። የድምፅ ማጉያው ልጅ ማይኩን በብብቱ ይዞ ስልኩን ይነካካል፤ ለጀልባ የሚሆን አላገኘም መሰለኝ፣ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ሁሉ ቤት፣ ከዚያ ሁሉ ዘመድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብስኩቷን ከበላው ሁሉ፣ አንድ አፍ አልወጣም። ሩብያህ ቤቷን ከውጭ አይታው አታውቅም ነበር። ሁልጊዜ ውስጡ ሆና ሙሉ ይመስላት ነበር። አፉ እሷ ብቻ ኖራለች፤ እሷ ስትወጣ ቤቱ ዲዳ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ንዴቷ ውስጥ እንዲህ ያንገበገባት የለም።

«ያልተገዛ ግጥም በር ይከፍታል» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ፤ ደንቡ ነውና። «ቤቱ ተሸንፏል። ሻርፑን ልቀቁት።»

ልጃገረዶቹ ለቀቁት። ከበሮው ተመታ። ኖርማላ ከመኪናው ተመልሳ፣ አንገቷን እንደ አሸናፊ ቀና አድርጋ፣ በሩብያህ አጠገብ ስታልፍ ለአፍታ ቆም አለችና «እግርዎ ይቃጠላል፣ ጫማ ያድርጉ» አለቻት። ምን ማለቷ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ሮስናህ ግን ሰው ገብቶ ካለቀ በኋላ መጥታ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ «ሁለተኛ የእኔ በር ላይ እንዳላይሽ» ብላት ሄደች። ይህኛው ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሩብያህ ከራምቡታኑ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ከውስጥ ሳቅና ዘፈን ይሰማል፣ የሱሪያኒም ሳቅ አለበት። ሊበሉ የተቀመጡትም ተነሱ፣ ሌሎች ተቀመጡ። እሷ አልራባትም። ባህሪን በአንድ እጁ ሩዝና ቀይ ወጥ የሞላ ሳህን፣ በሌላው የሮዝ ሽሮፕ ይዞ መጣ፤ ሳህኑን አቀበላትና አጠገቧ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ይቅር በለኝ» አለች ሩብያህ፣ ጥላም ዛፍም የሌለበት ባዶ ቃል። «አንተን አልነበረም የሰደብኩት። ያልመለሰልኝን ሁሉ ነው። አንተ ከፊት ተገኘህ።»

«ኧረ ይሁን እናቴ። ዱሪያን እንደማይቀጠፍ እኮ እውነት አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ተፈልፍሎ በፕላስቲክ ታሽጎ ነው።» ያ የሆድ ሳቁ መጣ። «በሳምንቱ ደግሞ እናንተ ወደ እኛ ትመጣላችሁ። በሩን የምይዘው እኔ ነኝ። እርስዎ ከውጭ ይቆማሉ።»

«እኔን ማን ያመጣኛል? እህቴ በር ላይ አትቁሚ ብላኛለች።»

«የእኛ በር የእሷ በር አይደለም። ኖርማላን ጠይቄያታለሁ። ‹ያቺ ሴትዮ ትምጣ፣ እኔም ፀሐይ ላይ ላቁማት› ብላለች።»

ሩብያህ ሳታስበው ሳቀች። «እና ደግሞ ስልክህን ይዘህ ልትጠብቀኝ?»

«አልይዝም። እዚያ ቆሜ ሳስብ ነበር።» ባህሪን እንደ ልጅ አፈረ፣ አንገቱን አሸ። «ወንዝ አላውቅም፣ ዓሣ አላውቅም። ሥራዬ የሊፍት ጥገና ነው። ውሸት ከሚሆን ብዬ... እንዲህ አልኩ።

ሊፍቱ ቆመ ከፎቆች መሃል፣
ገመዱ ደህና ነው፣ መብራቱም አልጠፋ፤»

ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«ቀጥል» አለችው።

«ዛፉን አላገኘሁትም። ጥላው ብቻ ነው ያለኝ።» ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። «እንዲህ ያለው ነው የሚያስቸግረን። ምንም የተሰበረ ነገር የለውም። ዝም ብሎ መሃል ላይ ይቆማል።»

«ውስጡ ያለው ሰውስ?»

«ደወል አለ፣ እሱን ይጫናል። ከዚያ ከውጭ የሚመልስለት ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነው እንግዲህ። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ በሩን ይደበድባል።»

ሩብያህ አንድ ጉርሻ ዘግና ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ሊፍት የገባችው ለዓይኗ ሆስፒታል የሄደች ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም አልቆመባትም። መሃል። አልጠፋ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ከሳርማን ሞት ወዲህ በዚህ ዓይነት ቃል ፍለጋ ገብታ አታውቅም። ባህሪን ከበሮ መቺዎቹ ሲጠሩት ሰማና ለመሄድ እግሩን አነሳ።

እጇ ላይ የነበረውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መልሳ የሸሚዙን ጫፍ ያዘችው።

«ቁም» አለችው። «እየገዛሁህ ነው።»